ቁርጥ፣ በየዓይነቱና «ቪጋን»

የምግብ ዝርዝርም ጽሑፍ ነው። ጸሐፊ አለው፣ አንባቢ አለው፤ አንባቢውም ከማናቸውም መጽሐፍ ይበልጥ በጉጉት ያነበዋል። ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ሂስ አይቀርለትም። ስለዚህ በዚህ ወር ልቦለዱንና ግጥሙን ለጊዜው አቆይቼ፣ ከቦሌ መድኃኔ ዓለም እስከ ሃያ ሁለት፣ ከገርጂ እስከ ሲኤምሲ በየምግብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚጠብቀንን ያን ላስቲክ የለበሰ ጽሑፍ ላነብ ተነሥቻለሁ። «ይህ ደግሞ ምን ሂስ ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

ይህ ጽሑፍ ለረጅም ዘመን ሁለት ምዕራፍ ብቻ ነበረው። አንደኛው «የፍስክ»፣ ሁለተኛው «የጾም» ይላል። አስተናጋጁም ገና ሳንቀመጥ «የጾም ነው የፍስክ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እንግዳውም ያለ ሐተታ ይመልሳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን፣ በተለይ የውጭ አገር ሰውና ከውጭ የተመለሰ ወገን በሚበዛባቸው የቦሌ ቤቶች፣ ሦስተኛ ቃል ገብቷል። «ቪጋን» ይላል፤ አንዳንዴም የአረንጓዴ ቅጠል ሥዕል ያጅበዋል። ይህ ቃል የመጣው አዲስ ምዕራፍ ይዞ አይደለም። «የጾም» ለሚለው ቃላችን የእንግሊዝኛ ፍች ሆኖ ነው የገባው። በአማርኛው ዓምድ «የጾም በየዓይነቱ» የተባለው ሳህን፣ በእንግሊዝኛው ዓምድ «ቪጋን» ይሆናል።

የእኔ ክርክር ከዚህ ትርጉም ጋር ነው። የቃላት ጥራት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንባቢን ባላደከምኩ ነበር። ነገር ግን በዚህ አንድ ቃል ሥር ሦስት ትልልቅ ጥያቄዎች ተዳፍነው ይቀራሉ። ሰው ሥጋ የሚበላው መቼ ነው? ከማን ጋር ነው? የሚተወውስ ስለ ማን ብሎ ነው? ጾማችን የመጀመሪያውን ጥያቄ አሳምሮ ይመልሳል፤ ሁለተኛውን ሳናውቀው ይመልስልናል፤ በሦስተኛው ላይ ግን ዝም ይላል። ፈረንጆቹ ያመጡት ቃል ደግሞ ሦስተኛውን ብቻ ነው የሚያውቀው።

*  *  *

ለመሆኑ ቪጋን ማን ነው? ነገሩ የተጀመረው እንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ሥጋ የማይበሉ ሰዎች የቬጀቴሪያን ማኅበር አቋቋሙ። እነዚህ ሥጋና ዓሣ ይተዋሉ እንጂ ብዙዎቹ ወተቱንም እንቁላሉንም ይበላሉ። ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ዶናልድ ዋትሰን የተባለ ሰው ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ከነዚያ ተለየ። ላሟን አናርድም እያሉ ከጥጃዋ ነጥቆ ወተቷን መጠጣት እርስ በርሱ ይጋጫል ባዮች ነበሩ። «ቬጀቴሪያን» ከሚለው ቃል የመጀመሪያዎቹን ሦስትና የመጨረሻዎቹን ሁለት የላቲን ፊደላት ወስደው «ቪጋን» የሚል ስም አወጡ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ማር ሳይቀር ተተወ፤ የቆዳ ጫማውና የሱፍ ልብሱም ተከተለ።

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ቪጋን የሚባለው ሰውየው ነው። ሰኞም ቪጋን ነው፣ እሑድም ቪጋን ነው፣ በሠርጉም ቀን ቪጋን ነው። የእኛ ሰው ግን «ጾመኛ ነኝ» ሲል እንኳ ዛሬን ማለቱ ነው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ደግሞ ረቡዕም ዓርብም ይፈታሉ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ ነነዌ ሦስት ቀን ነው፤ የሐዋርያት ጾምና ገሃድም አሉ። ሁሉም ሲደመር ለምእመኑ በዓመት ወደ 180 ቀን፣ አጥብቆ ለሚይዘው ካህንና መነኩሴ ደግሞ እስከ 250 ቀን ይደርሳል ይባላል። ለምእመኑ የዓመቱ ግማሽ ማለት ነው። የቀረው ግማሽ የቁርጡ፣ የክትፎውና የዶሮው ነው።

ምክንያቱም ይለያል። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲደነግግ፣ ነገሩን በታወቀ ጊዜ ከምግብ ከመከልከልና የሥጋን ፈቃድ ከመግታት ጋር ያያይዘዋል። ሰዓትም አለው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ መቆየት የጾሙ አካል ነው። ሥጋው የሚተወው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን መልካም ስለሆነ ነው፤ መልካም ያልሆነን ነገር መተው ማን መሥዋዕት ይለዋል? ሥጋ በራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ በፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ ስንመለስ ዶሮ ወጥ አይጠብቀንም ነበር።

በእርግጥ ዕድሜ ልኩን ሥጋ የማይቀምስ ሰው አገራችን አጥታ አታውቅም። የዋልድባ መነኮሳት እህሉን እንኳ ትተው ከሙዝ በሚዘጋጅ ቋርፍ ይኖራሉ። ሻሸመኔ የሰፈሩት ራስ ተፈሪያውያንም «አይታል» በሚሉት ሥርዓታቸው ብዙዎቹ ሥጋ አይነኩም። መነኩሴው ግን ከዓለም የወጣ ነው፤ ራስ ተፈሪያዊውም የራሱን ማኅበር ይዞ የመጣ ነው። ቦሌ ላይ ምሳ የሚያዝ ሰው በዓለም ውስጥ ነው፤ ቀኑ ሲለወጥ ገበታው አብሮት ይለወጣል። እሱ ብቻም አይደለም። ሁዳዴ ሲገባ ቄራ ይቀዘቅዛል፤ ሥጋ ቤቱ በሩን ዘግቶ ግድግዳውን ቀለም ያስቀባል፤ በሱሉልታና በሰንዳፋ በኩል ለከተማው ወተት የሚያቀርበው ገበሬ ገዢ ያጣና ወተቱን ንጦ ቅቤ ያደርገዋል። አንድ ከተማ በሞላው በአንድ ማለዳ ገበታውን የሚቀይርበት አገር በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም። ይህ ለብቻ ተቀምጦ ከሚወሰን የአመጋገብ ምርጫ በብዙ ይርቃል።

የምግብ ዝርዝሩ ትርጉም በሰው ላይ የሚያመጣው ችግርም አለ። ረቡዕ ዕለት «ቪጋን» የተባለው ሽሮ፣ ሐሙስ በብዙ ቤት ቅቤ ይገባበታል። ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ላለመቅመስ የቆረጠ እንግዳ፣ ወይም የወተት ተዋጽኦ የማይስማማው ሰው፣ ሐሙስ ያንኑ ገጽ አንብቦ ያንኑ ሽሮ ቢያዝ ምን እንደሚቀርብለት የምታውቀው ወጥ ሠሪዋ ብቻ ናት። በአንጻሩ ጾመኛው በማር የጣፈጠ ነገር ሲቀርብለት አይሠጋም፤ ቪጋኑ ግን ማሩን አይነካም። ጾም የሚለው ቃል ቀን ይዟል፤ ቀኑን ገፍፎ መተርጎም ቃሉን ማዋሸት ነው።

*  *  *

የእኛን ገበታ ግማሹን ብቻ አይቶ ማንበብ ዛሬ አልተጀመረም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 አገራችን ቆይቶ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1790 የጉዞ መጽሐፉን በአምስት ትልልቅ ጥራዞች አሳተመ። ስለ ዓባይ ምንጭ፣ ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት፣ ስለ ነገሥታቱ ታሪክ ብዙ ጽፏል። የለንደን አንባቢ ግን ከዚያ ሁሉ መካከል አንዱን ወሬ ይዞ ቀረ፤ ከቁም ላም ሥጋ ቆርጠው በጥሬው በሉ የሚለውን። ገሚሱ ሰውየውን ውሸታም አለው፤ ያመነው ገሚስ ደግሞ እኛን ጥሬ በል አለን።

ከ225 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ አሜሪካ ውስጥ «ቴፍ ላቭ» የተባለ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ታተመ። ጸሐፊዋ ኪቲ በርንስ ትባላለች። ርእሱ በጤፍ ስም የተቀለደ የእንግሊዝኛ አባባል ነው፤ ይዘቱ የኢትዮጵያ ምግብ በቪጋን ወግ ነው። መጽሐፉን አልነቅፍም፤ ሰው በሩቅ አገር ተቀምጦ ሽሮና በርበሬ መውደዱ ያስመሰግነዋል። በዋሽንግተንም በለንደንም ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ዛሬ ሥጋ ለማይበላ ፈረንጅ መጠጊያ ሆነዋል፤ ለወገኖቻችንም እንጀራ ሆኗቸዋል። ነገር ግን ይህ ዓይነቱ መጽሐፍ የሚጻፍለት አንባቢ ሁልጊዜ ረቡዕ ነው፤ ሐሙስ የለውም። አያቶቻችን በለንደን ጥሬ ሥጋ በል ተባሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው በዚያው በለንደን ቅጠል በል ተባሉ። የተጠቀሰው ሕዝብ አንድ ነው፤ አንባቢው የገለጠው ቀን ነው የተለያየው።

ፈረንጅ በሩቅ ስለሚያነብ ግማሹን ቢያይ አይገርምም። የሚገርመው እኛው ራሳችን ቦሌ ተቀምጠን የሱን ግማሽ ንባብ በገዛ ገበታችን ላይ ማተማችን ነው።

*  *  *

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። ሥጋ የሚበላው ከማን ጋር ነው?

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1901 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት «ዳግማዊ ምኒልክ» በተባለው መጽሐፋቸው፣ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ፣ በ1880 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ እቴጌ ጣይቱ ያበሉትን ታላቅ ግብር ይተርካሉ። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካንም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የአፍሪካ ወጥ ቤት ታሪክ ውስጥ ይህንኑ ግብር እንደ ትልቅ የታሪክ ምዕራፍ ይዞ ይተነትነዋል። ግብር ምግብ ብቻ አልነበረም። የበሬው ብልት በማዕረግ ይደለደላል፤ ማን ከማን በፊት እንደሚቀመጥ፣ ለማን ምን እንደሚቆረጥለት የታወቀ ነው። የመንግሥት ሥርዓት በሥጋ የተጻፈበት ገበታ ማለት ይቻላል። እኔ ግን ስለዚያ ግብር ባነበብኩ ቁጥር ተከትሎ የመጣው ነገር ይታወሰኛል። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች የተነሣው በሽታ በዚያው ሰሞን አገሩን ወረረው። በሬው አለቀ፤ ሞፈሩ ተሰቀለ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. «ክፉ ቀን» የተባለው ረሀብ ሆነ። ሥጋና እጦት በዚህ አገር ታሪክ ጎን ለጎን ነው የኖሩት።

ዛሬም የግብሩ መንፈስ ከሃያ ሁለት እስከ ገርጂ ባሉት ሥጋ ቤቶች አልጠፋም። ሻኛው፣ ጎድኑ፣ ዳቢቱ፣ ታላቁና ታናሹ ተሰቅሎ ይታያል፤ በኪሎ ተቆርጦ ከአዋዜና ከሚጥሚጣ ጋር ይቀርባል። ለብቻው ተቀምጦ ቁርጥ የሚቆርጥ ሰው ካያችሁ ብርቅ ነው። ደላላው ቤት ያሻሻጠበትን ያከብራል፤ ነጋዴው ውሉን ያጸናል፤ የተጣላ ይታረቃል። በፍስክ ቀን ከእነዚህ መካከል ተቀምጦ በየዓይነቱ ያዘዘ ሰው «ምነው፣ አሞህ ነው? ሐኪም ከለከለህ?» መባሉ አይቀርም። ሌላ ምክንያት አይታሰብም። ስለዚህ አንድ የቦሌ ወጣት ዛሬ ተነሥቶ «ሥጋ እስከ ወዲያኛው ትቻለሁ» ቢል የሚከብደው የጣዕሙ ነገር አይደለም። የሚከብደው ሠርጉ ነው፣ ቅርጫው ነው፣ ከሁሉም በላይ እናቱ በዓል ብላ የሠራችው ዶሮ ነው። የእናቱን ዶሮ እንቢ ያለ ልጅ የተቆጠረለትን ብልትና እንቁላል ብቻ አልመለሰም፤ ለእሱ የተያዘችውን ቦታም አብሮ መልሷል። ይህን ቆርጦ የሚያደርግ ሰው ካለ ድፍረቱን አደንቃለሁ። ግን የምግብ ዝርዝሩ እንደሚያስመስለው ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ቅርጫ ካነሣሁ አይቀር፣ በዚህ ረገድ የምሥራቁ የከተማችን ክፍል ትምህርት ይሰጣል። በሰሚትና በአያት በኩል የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ሲታቀዱ፣ ከመኖሪያው ሕንጻ ሌላ ለእርድና ለመሳሰለው ሥራ የሚያገለግል የጋራ ቤት ታስቦላቸው ነበር። መሐንዲሱ ሳይቀር ያወቀው ነገር አለ ማለት ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው በፎቅ ላይ ቢኖርም በሬውን ከጎረቤት ጋር ይካፈላል። በአዘቦቱ ቀን ደረጃ ላይ አንገቱን አጎንብሶ የሚተላለፍ ጎረቤት፣ በበዓል ዋዜማ በመደቡ ዙሪያ ቆሞ ዕጣ ሲወጣ ስም ለስም ይተዋወቃል።

ይሁን እንጂ ሥጋ የሚሰበስበውን ያህል ይለያያል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ በአደባባይ ግን ብዙ አንጽፈውም። ክርስቲያኑ በስመ አብ ተብሎ የታረደውን ይበላል፤ ሙስሊሙ በቢስሚላህ የታረደውን። ሥጋ ቤቱ ላይ ወይ መስቀል አለ ወይ ጨረቃ። ቦሌ ሚካኤል ላይ ሶማሌው ወገናችን የሚወደውን የግመል ሥጋ ኦርቶዶክሱ ጎረቤቱ አይቀምስም። ሃያና ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ፣ በሐዘንም በደስታም የማይለያዩ ጎረቤታሞች ሠርግ ሲደግሱ ሁለት ድንኳን ወይም ሁለት ድስት ያዘጋጃሉ። ተከባብረው ነው የሚያደርጉት፤ ግን ድስቱ ሁለት ነው።

የጾም ሳህን ሲቀርብ ግን ድስቱ አንድ ይሆናል። ምስሩን፣ ክኩን፣ ጎመኑን፣ ፎሶሊያውን ማንም አልባረከውም፣ ማንም አላረደውም። ረቡዕ ወይም ዓርብ ቀትር ላይ በቦሌ መሥሪያ ቤቶች አካባቢ ባሉ ምግብ ቤቶች ብትዘዋወሩ፣ ነጠላ ያጣፋችውና ሒጃብ የለበሰችው አንድ ትሪ ከበው ታገኛላችሁ፤ በሐሙስ ግን ይህ ትሪ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። ክርስቲያኑ ስለ ራሱ ነፍስ ብሎ የጾመው ጾም፣ ሳያስበው ለሙስሊም ባልደረባው ወንበር ስቦለታል። በየዓይነቱን ከምግብነቱ አልፌ የማከብረው በዚህ ነው። «ቪጋን» የሚለው ቃል ይህን ትሪ አያውቀውም፤ የተፈጠረበት አገር እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረበትም።

*  *  *

የጾሙን ሳህን ይህን ያህል ካመሰገንኩ ዘንድ ነውሩንም ልናገር።

ዛሬ በቦሌ የጾም በርገር አለ፣ የጾም ፒዛ አለ፣ የጾም ኬክ አለ፣ በአኩሪ አተር ወይም በአጃ ወተት የሚሠራ የጾም ማኪያቶ አለ። ከእንጉዳይ የተሠራ የጾም ዱለት አለ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲያይ «ጾሙ ተሸጠ፣ በማስመሰል ተበላ» ብሎ ይቆጣል። እኔ በማስመሰሉ አልቆጣም። አያቶቻችን የሽምብራ ዱቄት አቡክተው፣ በዓሣ ቅርጽ ቆርጠው፣ ጠብሰው ወጥ ውስጥ ይጨምሩት ነበር፤ የሽምብራ ዓሣ ይባላል። ቡቲቻም እንዲሁ ከሽምብራ ተሠርቶ የእንቁላል ፍርፍርን ይመስላል። ምላስን መሸንገል የቆየ የወጥ ቤት ጥበብ ነው፤ እንደውም የሴቶቻችን ፈገግታ ያለበት ድርሰት ነው።

የሚያስቆጣው ዋጋው ነው። የሽምብራ ዓሣ ከዓሣ ይረክሳል። በአንዳንድ የቦሌ ቤት ግን የጾሙ ማኪያቶ ከወተቱ ማኪያቶ ይወደዳል፤ በየሆቴሉ የሚዘረጋው የሁዳዴ ቡፌም ከብዙ ሰው የሳምንት አስቤዛ ይበልጣል። አባቶች ሲያስተምሩ ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት አይለያዩም ይላሉ፤ ከምሳው የተረፈው ለተራበው እንዲደርስ ነው። ጾሙ ከፍስኩ በላይ ካስወጣን ለተራበው ምን ይተርፋል? እንዲህ ያለው ጾም ሥጋውን ትቷል እንጂ ድሎቱን አልተወም።

እዚህ ላይ የምርጫው ነገር ራሱ ይመጣል። ቪጋን፣ ቬጀቴሪያን፣ ሥጋ በል ብሎ መምረጥ ኪሱ ለቻለ ሰው ነው። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ የላቀ የቀንድ ከብት ብዛት አላት፤ ከ60 ሚሊዮን በላይ ነው። አብዛኛው ዜጋ ግን ሥጋ የሚያየው በበዓል ነው። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው። በገርጂ ሕንጻ ላይ ድንጋይ የሚሸከመው የቀን ሠራተኛ ከሰኞ እስከ እሑድ ሽሮ ይበላል። ቪጋን ነው ልንለው ነው? ጾመኛ ነው ልንለውስ እንችላለን? ጾም የሚባለው መብላት እየቻሉ ሲተዉት ነው፤ እሱ ያልጀመረውን ምን ብሎ ይተወዋል? የሦስቱ ስሞች ሁሉ ውበት ከእሱ ደጃፍ ሲደርስ ያበቃል። ስለዚህ «የእኛ ሕዝብ በተፈጥሮው ቪጋን ነው» እያልን ለቱሪስት ስንፎክር፣ ድህነትን በአረንጓዴ ቅጠል እየሸፈንን እንዳይሆን እፈራለሁ።

ስለ ጤናው ብዙ አልልም፤ ለሐኪሞች ልተወው። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል እንደሚያመጣ አያቶቻችን ከማንም ፈረንጅ በፊት ያውቁ ነበር፤ የኮሶ ዛፍ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። በሌላ በኩል ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ሁሉ ለዘለቄታው የተወ ሰው ቢ 12 የተባለውን ቫይታሚን ከሌላ መንገድ ማግኘት አለበት፤ ጾመኛው በፍስኩ ቀን ያገኘዋል፤ የሳምንቱን ሰባት ቀን ቪጋን የሆነው ግን አያገኝም። ቃላቱን ለይቶ መጻፍ እዚህም ላይ ይጠቅማል።

*  *  *

የቀረን ሦስተኛው ጥያቄ ነው። ሥጋ የሚተወው ስለ ማን ተብሎ ነው?

በዚህ ላይ ቪጋኑ ጥያቄ አለው፤ እኛም መልስ አላዘጋጀንም። ጾማችን ስለ እግዚአብሔር ነው፣ ስለ ነፍሳችን ነው፣ ስለ ድኻው ነው። ስለ በሬው አይደለም። የሁዳዴ በሬ በሕይወት የሚቆየው ፋሲካ እስኪደርስ ነው። በዓል ሲቃረብ በሾላ ገበያና በየአደባባዩ ያለውን ተመልከቱ። በግ አራት እግሩ ተጠፍሮ፣ ጭንቅላቱ ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ከሾላ እስከ አያት ፀሐይ እየመታው ይሄዳል። ዶሮ እግሯ ታስሮ እንደ ሽንኩርት ጉንጉን ትያዛለች። በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር የታሰረውን በግ ልጆች ሁለት ቀን ሣር ያበሉታል፣ ስም ያወጡለታል፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ግቡ ይባላሉ። በሬ ካራጁ ይውላል እንላለን፤ የአባባሉ ምጸት ግን ሁልጊዜ ለሰው እንጂ ለበሬው አይነገርም።

ባህላችን ስለ እንስሳ የሚናገረው የለውም እያልኩ አይደለም። በሬውን ዳልቻ፣ ቦራ ብሎ በመልኩ ሰይሞ ሲያርስ አብሮት የሚያወራ ገበሬ አለን። በየቤቱ ግድግዳ የተሰቀለውን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል አስታውሱ፤ ጻድቁ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመዋል፤ የተጠማችው ወፍም ከዓይናቸው እንባ ትጠጣለች። ከዚህ የበለጠ ለፍጥረት የሚራራ ሥዕል የትኛው የፈረንጅ ማኅበር አሳትሟል? ግን ሥዕሉን እንሳለማለን፤ በጉን ግን ቁልቁል ሰቅለን እንጓዛለን። ሥዕሉ ከግድግዳው ወርዶ ከሚኒባሱ ጣሪያ ጋር ሲነጋገር አላየሁም።

ዋትሰንና ባልንጀሮቹ ያነሡት ጥያቄ ለእኛ የሚጠቅመን በዚህ ቦታ ነው። ቃሉን ወስደን የጾማችን ትርጉም ስናደርገው ጥያቄው ይጠፋል፤ «እኛማ ድሮም ነበርን» ብለን እንገላገለዋለን። እንደ እንግዳ ቃል ብንተወው ግን እንግዳው ጠይቆን ያልፋል። ያ በሬ ሲነዳ ለምን ተደበደበ? ያ በግ ለምን ተሰቀለ? የሚበላ እንስሳ ሳይሰቃይ መሞት አይገባውም ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች ለመስማት ቪጋን መሆን አያስፈልግም።

እኔስ? እኔ ሥጋ እበላለሁ፤ እጾማለሁም። ሦስቱን ምርጫዎች በፊቴ አሰልፌ አንዱን ለዘላለም ምረጥ ብባል፣ ሁለት ነገር እንዳላጣ እፈራለሁ፤ ረቡዕ ከሙስሊም ባልደረቦቼ ጋር የምከበውን ትሪና በበዓል ከጎረቤቶቼ ጋር የምካፈለውን መደብ። ለዚህ ነው ዛሬ ምን ቀን ነው ብሎ የሚጠይቀውን የቆየ ሥርዓት የምመርጠው። የምመርጠው ግን እንዳለ አይደለም። ቀኑ ድኻውን ካላስታወሰ ቡፌ ይሆናል፤ እንስሳውን ካላስታወሰ ደግሞ ፋሲካ ሲደርስ ጭካኔያችን ከእረፍቱ ይመለሳል።

ለምግብ ዝርዝሩ ጸሐፊዎችም ትንሽ ምክር አለኝ። «የጾም» የሚለውን ቃል በማንም ፊደል ስትጽፉት «ጾም» ብላችሁ ጻፉት፤ እንጀራንና ወጥን ያለ ትርጉም የተቀበለ እንግዳ ይህንንም ይቀበላል። ሐሙስ ዕለት ሽሮው ቅቤ ካለው ቅቤ አለው በሉ፤ የሌለውንም የለውም በሉ። የጾሙን ሳህን ዋጋ ደግሞ ከፍስኩ ዝቅ አድርጉት። ልዩነቱን ጾመኛው ለማን እንደሚሰጠው ያውቃል፤ ካላወቀም ከበራችሁ ውጭ ቆመው የሚጠብቁት ያስታውሱታል።